የጄኔቫው የፕላስቲክ ክምርና ያልተዘጋው ቧንቧ

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከሰሞኑ የፖለቲካ ወሬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ግን ታገሱን፣ መጨረሻው እዚያው ኪሳችን ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

አውሮፓ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ የጄኔቫውን አደባባይ ታውቁታላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ፊት ለፊት ያለው፣ ባንዲራና ጥሩምባ ይዛችሁ በብርድ የቆማችሁበት። እግሩ የተሰበረው ትልቁ የእንጨት ወንበር ያለበት አደባባይ ማለታችን ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 እዚያ አደባባይ ላይ አንድ ሌላ ነገር ቆሞ ነበር። ፈረንሳዊው ኦጉስት ሮዳን የሠራውንና አገጩን በእጁ ደግፎ የሚያስበውን ታዋቂ ሰው የሚመስል፣ ስድስት ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ቅርጽ። በአንድ እጁ ሕፃን ይዟል፣ በሌላው የፕላስቲክ ጠርሙስ። ዙሪያውን ደግሞ የፕላስቲክ ቆሻሻ። «የአሳቢው ሸክም» ይባላል፤ የሠራው ካናዳዊው ቤንጃሚን ቮን ዎንግ ነው።

ሥራው አንድ ቀን ተመርቆ ያለቀ አልነበረም። ግቢው ውስጥ ከ180 በላይ ሀገራት ስለ ፕላስቲክ ብክለት ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲደራደሩ፣ ውጭ ባለው ቅርጽ ላይ ደግሞ ቆሻሻ ይጨመር ነበር። ተደራዳሪዎቹ በሰነዱ ላይ ቅንፍ ሲጨምሩ ውጭ ያለው ሰው በፕላስቲክ እየተዋጠ ሄደ። ነሐሴ 5 የጀመረው ስብሰባ በ14 ማለቅ ነበረበት፤ ሌሊቱን ሙሉ ተጎትቶ በ15 ጠዋት ያለ ስምምነት ተበተነ። ቅርጹም ለጊዜው የቆመ ስለሆነ ተነሳ።

እና ይሄ ምን ይጠቅማል? የሰው ቆሻሻ ሰብስቦ አደባባይ ላይ ከምሮ ፎቶ ማስነሳት ጥበብ ነው ወይስ ጨዋታ? ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው፣ ተገቢም ጥያቄ ነው። መልስ ለመስጠት ግን ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰን ናይሮቢ መሄድ አለብን።

በየካቲት 2022 መጨረሻ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ይኸው ሰው ሌላ ነገር አቁሞ ነበር። አየር ላይ የተንሳፈፈ የሚመስል ግዙፍ ቧንቧ፣ ከአፉ ውሃ ሳይሆን ፕላስቲክ የሚንዠቀዠቅ። ፕላስቲኩ ኪቤራ ከሚባለው የናይሮቢ የድሆች ሰፈር የተሰበሰበ ነበር። (አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሲያየው መሳቁ አይቀርም፤ እኛ ጋ ቧንቧ ሲከፈት የሚመጣው አየር ነውና።) የዚያ ሰሞን የ175 ሀገራት ተወካዮች ፕላስቲክን የሚመለከት አስገዳጅ ውል እንዲዘጋጅ ተስማሙ። ቀነ ገደቡም እስከ 2024 መጨረሻ ተባለ።

የቧንቧው መልእክት ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። ቤትህ ውስጥ ውሃ ቢፈስ መጀመሪያ የምታደርገው ቧንቧውን መዝጋት ነው፣ መጥረጊያ ፍለጋ የሚሮጥ የለም። ከዚያ በኋላ የመጣው ድርድር በሙሉ፣ ከኡራጓይ እስከ ፓሪስ፣ ከናይሮቢ እስከ ኦታዋ፣ በ2024 መጨረሻ ቡሳን ደቡብ ኮሪያ ላይ ሲከሽፍ፣ አሁን ደግሞ ጄኔቫ ላይ ሲከሽፍ፣ የተጣሉት በዚሁ በአንድ ነገር ነው። ቧንቧው ይዘጋ ወይስ ወለሉ ይወልወል?

ከመቶ በላይ ሀገራት የአዲስ ፕላስቲክ ምርት ገደብ ይበጅለት ይላሉ። ኖርዌይና ሩዋንዳ የዚህ ወገን ግንባር ቀደም ናቸው። በሌላ በኩል ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌት፣ ሩሲያ፣ ኢራን ችግሩ የቆሻሻ አያያዝ ነው፣ ምርቱን አትንኩ ይላሉ። አሜሪካ ቀደም ሲል የምርት ገደብን እደግፋለሁ እስከማለት ደርሳ ነበር፤ በትራምፕ ዘመን ጄኔቫ ላይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆመች።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ፕላስቲክ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። መኪናው ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ በሄደ ቁጥር ነዳጅ ሻጩ ሌላ ገበያ ይፈልጋል፤ ያ ገበያ ደግሞ ፕላስቲክ ነው። የበለጸጉት ሀገራት የኢኮኖሚ ድርጅት ኦኢሲዲ በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ በ2019 ዓለም 460 ሚሊዮን ቶን ፕላስቲክ ተጠቅማለች። ከፕላስቲክ ቆሻሻው በእርግጥ ተመልሶ ጥቅም ላይ የዋለው ግን 9 በመቶ ብቻ ነው። ይህንን ቁጥር ያዙልን፣ እንመለስበታለን።

አንድ ነገር እንበል። ከሁለቱ ሥራዎች እኛ የምንመርጠው የናይሮቢውን ነው። የጄኔቫው ያምራል፣ ስለ ጤና ያነሳው ጉዳይም ትልቅ ነው፤ ግን «አሳቢው ሰው» ሁላችንም ነን የሚል ነገር አለው። ሸክሙ የሁላችን፣ ጥፋቱም የሁላችን። ጉባኤው ውስጥ ግን ጉዳዩ እንደዚያ አልነበረም። የሚያመርት አለ፣ የሚያስቆም አለ፣ የሚለምን አለ። የደሴት ሀገራት ተወካዮች ባሕር ዳርቻችን በናንተ ቆሻሻ ሞላ ሲሉ፣ ሌላው የምርቴን ነገር አታንሱብኝ ይላል። ቧንቧው ቢያንስ ጣቱን ወደ ምንጩ ይቀስራል።

አሁን ወደ ተሰበረው ወንበር እንመለስ፣ ምክንያቱም ትምህርቱ ያለው እሱ ላይ ነው። ወንበሩም ሲቆም ጊዜያዊ ነበር። በነሐሴ 1997 ሲተከል ለሦስት ወር ብቻ ተብሎ ነበር፤ በፈንጂ እግራቸውን ላጡ ሰዎች የቆመ፣ መንግሥታት የመሬት ውስጥ ፈንጂን የሚያግደውን ውል እንዲፈርሙ የሚወተውት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውሉ ኦታዋ ላይ ለፊርማ ቀረበ። ወንበሩ ግን አልተነሳም። አደባባዩ ሲታደስ በ2005 ለጊዜው ተነስቶ በ2007 ተመለሰ፣ ይኸው እስከ ዛሬ የኛን ሰልፍ ሁሉ ቆሞ ያያል። ኢትዮጵያም ውሉን በ2004 አጽድቃለች። ከባድመ ጦርነት በኋላ ፈንጂ ማለት ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ታዲያ ወንበሩ የሠራውን «አሳቢው» ለምን አልሠራም? የጥበቡ ማነስ ይመስላችኋል? አይደለም። የፈንጂው ውል የተሳካው ካናዳና ሌሎች ፈቃደኛ ሀገራት ጉዳዩን ሁሉም ካልተስማማ ምንም ከማይወሰንበት መድረክ አውጥተው ለብቻ ስለያዙት ነው። አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና ዛሬም አልፈረሙም፤ ውሉ ግን አለ፣ ይሠራል። የፕላስቲኩ ድርድር ደግሞ እስካሁን የሚሄደው በሙሉ መግባባት ነው። አንድ ሁለት ነዳጅ አምራች እምቢ ካለ መቶ ሀገር ቁጭ ይላል። ድምፅ ይሰጥበት የሚለው ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ግብግብ የሚፈጠረውም ለዚህ ነው። ስለዚህ አደባባይ ላይ የቆመ ቅርጽ በር የሚከፍተው ውስጥ በሩን ሊከፍት የሚችል ሰው ካለ ነው። በ1997 ነበር፣ በ2025 አልነበረም።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ እኛን ምን አገባን?

መጀመሪያ የምንኖርበትን እንይ። ጀርመን ያላችሁ ፕፋንድ የምትሉትን ታውቁታላችሁ፤ ባዶ ጠርሙስ ስትመልሱ 25 ሳንቲም። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ከ2010 ጀምሮ ለአንድ ፌስታል 5 ሳንቲም ትከፍላላችሁ። ዱባይ በ2022 ለአንድ ፌስታል 25 ፊልስ ማስከፈል ጀመረች፣ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ደግሞ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ጭራሽ ከለከለች። ጥሩ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን ልብ በሉ፦ እናንተ ሱቅ በር ላይ በሳንቲም ስትጠየቁ፣ ያንን ፌስታል የሚወልደው የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ላይ ገደብ ይደረግ ሲባል ዓለም መስማማት አቃተው። የባሕረ ሰላጤው ወገኖቻችን ይህንን ከማንም በላይ በቅርብ ያዩታል። ከሱፐርማርኬቱ ፌስታል ጠፍቷል፤ የነዳጁ ሀብት ግን በፕላስቲክ በኩል ሌላ ዕድሜ እየተፈለገለት ነው።

ሀገር ቤትም ነገሩ መጥቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጽድቋል። ማምረቱም፣ ማስገባቱም፣ መሸጡም፣ መጠቀሙም ክልክል ነው። ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል፤ ለአምራቹ ቅጣቱ ከዚያ እጅግ የከበደ ነው። በወረቀት ላይ ይሄ ከጄኔቫው ይሻላል፣ ቢያንስ ቧንቧውንም ነክቷል። እንደ ሩዋንዳና እንደ ኬንያ መሆኑ ነው። ሩዋንዳ ፌስታልን በ2008 ከለከለች፣ ኬንያ በ2017፤ ኤርትራ እንኳን በ2005 ቀድማናለች።

ግን እኛ ጋ ሕግ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር በታች የሆነ ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ስስ ፌስታል ሳይይዝ ከሱቅ የወጣ ሰው አለ? ስለዚህ ጥያቄያችን አዋጁ ጥሩ ነው መጥፎ አይደለም። ቅጣቱ የሚጀምረው ከማን ነው? ከጎዳና ሽንኩርት ሻጯ ወይስ ከፋብሪካው? 2,000 ብር ለጉሊት ሴትዮ የስንት ቀን ትርፍ እንደሆነ ገንዘብ የምትልኩ ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። የኛ ፍርሃት ደንብ አስከባሪ የሚቀርበው ለጉሊቱ ነው፣ ፋብሪካው አጥር አለው።

አሁን ያቺን 9 በመቶ እናምጣት። በዓለም ደረጃ ተመልሶ ጥቅም ላይ ከዋለው ፕላስቲክ ብዙውን የሚለቅሙት በማሽን የሚሠሩ ዘመናዊ ድርጅቶች እንዳይመስሏችሁ። በድሃ ሀገራት የሚለቅመው በእጁ የሚሠራ ሰው ነው። እኛ ሠፈር ጠዋት «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ፣ ባዶ ሃይላንድ በጆንያ ተሸክማ የምትሄደው እናት። ምናለሽ ተራ የተባለው የመርካቶ ክፍል የቆመው በዚህ ነው፤ የተጣለ ጎማ ጫማ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ምድጃ ይሆናል። ሪሳይክል የሚባለው ቃል ሳይመጣ እኛ ስንሠራው ኖረናል፣ ከድህነት የተነሳ እንጂ ስለ ምድር አስበን አይደለም።

የዚህ ሥራ ዋጋ ደግሞ ምን እንደሆነ በመጋቢት 2017 አይተነዋል። አዲስ አበባ፣ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ እዚያው እየለቀሙ፣ እዚያው ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። ጄኔቫ ላይ በፕላስቲክ የተዋጠው የቅርጽ ሰው ነው፤ ቆሼ ላይ በቆሻሻ የተዋጠው እውነተኛ ሰው ነበር። ያኔ አደባባይ ላይ ቅርጽ ያቆመ ዓለም አቀፍ ጉባኤ አልነበረም።

ከኛም ወገን በዚህ ዕቃ የሚሠራ ሰው አለ፣ ሳንጠቅሰው ብናልፍ ነውር ነው። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚሰበስበውን የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦና የኮምፒውተር ሰሌዳ እየጠለፈ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል፤ በታላላቅ የአሜሪካና የአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ታይቷል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቆሙት ዞማ ሙዚየም በ2019 አዲስ አበባ ተከፍቷል። የኤልያስ ሥራ አይጮኽም፣ ተጠግታችሁ ካላያችሁት የሽቦ ቁርጥራጭ መሆኑንም አታውቁም። ዕቃው ውጭ ሀገር ተሠርቶ፣ አገልግሎ፣ አርጅቶ፣ እኛ ጋ መጥቶ ነው ቆሻሻ የሆነው። ቆሻሻ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ከፈለጋችሁ ያንን ሥራ ማየት ብቻ ይበቃል።

ስለ ድርድሩ ቀጣይ ሂደት አዲስ ነገር ሲኖር በቪዲዮ እንመለስበታለን። እስከዚያ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ቅዳሜ እሁድ ሀገር ቤት ስትደውሉ፣ ከእማማና ከጋሼ ጋር ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ ሱቁ አሁንም በፌስታል ይሰጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁልን። ተቀጣ የተባለ ሰው ካለም፣ ገዢው ነው ሻጩ ወይስ አምራቹ የሚለውን ከነሠፈሩና ከነከተማው ጻፉልን።