ቅጣቱ ልክ ይኑረው፦ የሙያ ፈቃድ ቦርዶችና የገንዘብ መቀጮ

ከምኖርበት ከእንግልውድ እስከ አውሮራ ድረስ ኑሯቸውን በሙያ ፈቃድ ላይ የመሠረቱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶች፣ የጸጉርና የውበት ባለሙያዎች፣ የሒሳብ አዋቂዎች። ፈቃዱን የሚሰጠው አካል አቤቱታ ይቀበላል፣ ይመረምራል፣ ጥፋት መኖሩን ይወስናል፤ በብዙ ሙያዎችም የገንዘብ መቀጮ ይጥላል። ሕዝብን ከማይችል ባለሙያ መጠበቅ ተገቢ ነው። የመቅጣት ሥልጣኑ ግን ልክ ሊበጅለት ይገባል።

አደጋውን በግልጽ የሚያሳየው የዴንቨር ጉዳይ የመጣው ከፈቃድ ቦርድ ሳይሆን ከግዛቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ነው። ዳሚ ሆስፒታሊቲ የተባለ ድርጅት የሚያስተዳድረው ሞቴል የሠራተኞች ጉዳት መድን ሳይኖረው ዓመታት አለፉ። ቅጣቱ በቀን ቢበዛ 500 ዶላር ነበር፤ ቀናቱ ሲደመሩ ግን ዕዳው 841,200 ዶላር ደረሰ። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በሰጠው ውሳኔ፣ ከልክ ያለፈ መቀጮን የሚከለክለው ስምንተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለድርጅትም እንደሚሠራና የመክፈል ዐቅም መመዘን እንዳለበት አረጋገጠ። ይሁንና የሚመዘነው የእያንዳንዱ ቀን ቅጣት እንጂ ድምሩ አይደለም አለ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለምጣኔ ሀብት ባለሙያ አይዋጥም። መቀጮ ጠባይን የሚያርመው፣ ቅጣቱ እየቆጠረ መሆኑን ተቀጪው ሲያውቅ ነው። ሳይነገር የተጠራቀመ ዕዳ ያለፈውን አያርምም፤ በተገለጠ ዕለት ግን ሱቅ ያዘጋል።

«እንግዲያስ ቦርዶች ጨርሶ አይቅጡ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። መቀጮ ከተነሣ ከተግሣጽ በላይ ከሚቀሩት እርምጃዎች መካከል ፈቃድን ማገድና መሰረዝ ይገኛሉ። ቤተሰቧን ብቻዋን ለምታስተዳድር ነርስ፣ 500 ዶላር ከመክፈልና ለስድስት ወር ከሥራ ከመታገድ የቱ እንደሚከፋ ለማስላት ዶክትሬት አያስፈልግም።

ፍርድ ቤቶችም ብቻቸውን አይበቁም። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 በጃርኬሲ ጉዳይ፣ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪው በማጭበርበር ከስሶ የገንዘብ ቅጣት ሲጠይቅ ተከሳሹ በጁሪ የመዳኘት መብት እንዳለው ወስኗል። መብቱ የመነጨበት ሰባተኛው ማሻሻያ ግን ግዛቶችን አያስገድድም። ስለዚህ መፍትሔው መፈለግ ያለበት በኮሎራዶ ምክር ቤት ነው።

ሦስት ገደቦች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የቀን ቅጣት መቆጠር የሚጀምረው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከደረሰ በኋላ ይሁን፤ ድምሩም ጣሪያ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነን ቅጣት የመወሰን የመጨረሻ ሥልጣን ከቦርዱ ውጭ ላለ ዳኛ ይሰጥ፤ ጠበቃ ከመቀጮው በላይ በሚያስከፍልበት ጊዜ ሳይከራከሩ መፈረም ይቀላልና ሥርዓቱ ቀላልና ርካሽ ይሁን። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ለቀጪው አካል በጀት አይዋል።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ሙግታችን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቆራኝቶ ወደ ሦስተኛ ሰው ይሄዱ ነበር። ዛሬም የኢትዮጵያ የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት ዐዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ ይፈቅዳል።

መንገዱም ክፍት ነው። ኮሎራዶ ከ1976 ጀምሮ ለተቆጣጣሪ አካላት የማብቂያ ቀን እየቆረጠች፣ ይቀጥሉ ወይስ ይቅሩ የሚለውን በየጊዜው ትገመግማለች። የሙያችሁ ቦርድ ተራው ሲደርስ ሐሳባችሁን ስጡ፤ ስለ ቅጣቱ ጣሪያና ስለ ዳኛው ማንነትም ጠይቁ።