ነፋስ መውጫ ባሕር ዳር አይደለችም፦ ሳይክል በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቁልቁለት



ስለ ሳይክል ሲነሳ ብዙዎቻችን ፊታችን ላይ የምትመጣው ባሕር ዳር ናት። ሜዳ ከተማ፣ ሰፋፊ ጎዳና፣ በዘንባባ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው። ደስ ይላል። የዛሬው ጽሑፌ ግን ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች ነው። ከተማ ተቀምጣችሁ አገር ቤት ላለ ወንድማችሁ ሳይክል ገዝታችሁ ልትልኩ ያሰባችሁም አንብቡት። የባሕር ዳር ሳይክልና የነፋስ መውጫ ሳይክል አንድ አይደሉምና።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። እኔ ሳይክል ይብዛ ከሚሉት ወገን ነኝ። የነዳጁን ዋጋ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደም ግፊትና ስኳርም ዛሬ የከተማ ሰው በሽታ ብቻ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ በሳይክል ሥራ የሚመላለስ ሰው በአምስት ቀን ይሞላዋል፣ ያውም ጂም ሳይከፍል። "ልጄ ሳይክል እንዳይነካ!" የሚሉ ወላጆች ስጋታቸው ይገባኛል። መፍትሔው ግን ክልከላ አይመስለኝም። መፍትሔው ፍሬን፣ ሄልሜትና ሕግ ነው።

ችግሩ ዳገቱ አይደለም፣ ቁልቁለቱ ነው

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ሜዳ ናት። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጉና ደግሞ 4,000ን ያልፋል። በደብረ ታቦርና በክምር ድንጋይ አድርጎ ነፋስ መውጫን የሚያቋርጠው፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ጋሸና የሚዘልቀው መንገድ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ነው። ወደ ታች ጋይንትና ስማዳ ሲወረድም ቁልቁለት ነው። ክረምት ላይ ጉም ይጨመርበታል፤ ከፊት ያለው አህያም፣ ሲኖትራክም የሚታየው አጠገቡ ሲደረስ ነው።

ዳገት ላይ ማንም አይሞትም፤ ቢደክም ወርዶ ይገፋል። ቁልቁለት ላይ ግን ሳይክሉ ራሱ ይሮጣል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየነዱ ከግድግዳ ጋር መጋጨት ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ እንደመውደቅ ነው። ፍጥነቱ 40 ሲሆን ከ6 ሜትር በላይ ከፍታ እንደመውደቅ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ምቱ አራት እጥፍ ነው ማለት ነው። በ40 ፍጥነት በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ይኬዳል። "በጓ ገባች" ብላችሁ ፍሬን እስክትይዙ ድረስ 11 ሜትሩ አልቋል።

ስለዚህ ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት፦

1. ሁለቱንም ፍሬን ቆማችሁ ፈትሹ። ሽቦው ከላላ፣ ጎማው ካለቀ አትውረዱ። ሳይክል አዳሹ ጋ የምትከፍሉት ገንዘብ ከየትኛውም ሕክምና ይረክሳል።
2. ፍጥነቱ ከመጨመሩ በፊት ሁለቱንም ፍሬን እየያዛችሁ እየለቀቃችሁ ውረዱ። የፊቱን ብቻ ድንገት መያዝ በመሪው ላይ አሽቀንጥሮ ይጥላል።
3. ዝናብ ሲሆን ፍሬን ይዘገያል። ቀድማችሁ ያዙ፤ በጣም ከጨነቃችሁ ወርዳችሁ ግፉ። ነውር የለውም!
4. ጋቢና ነጠላ። ብርዱ ብርድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የተንጠለጠለ ጫፍ ካቴና ወይም ጎማ ውስጥ ከገባ ሰውየው የሚያርፈው በአናቱ ነው። ጃኬት ልበሱ፤ ጋቢውን ጠቅልላችሁ ከኋላ እሰሩት።

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ አባቶቻችን። ፍሬንም የሄልሜት ማሰሪያም እንደዚያው ነው፤ የሚታጠቀው ቆሞ ነው።

ሄልሜት ቅንጦት ነው?

አይደለም። በሳይክል ነጂዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ የታወቀ ክለሳ፣ ሄልሜት የጭንቅላትና የአንጎል ጉዳትን ከ63 እስከ 88 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እጅ ቢሰበር ይጠገናል። አንጎል ጀሶ አይታሰርለትም። "ውድ ነው" ለምትሉኝ፦ ሄልሜቱን የሳይክሉ ዋጋ አካል አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ ብሩ ካልበቃ ረከስ ያለ ሳይክል ግዙ። የግንባታ ቆብ ሄልሜት አይደለም። አንዴ ኃይለኛ ምት የደረሰበት ሄልሜትም ሥራውን ጨርሷል።

ሕጉ ለሳይክልም ነው

ሳይክል ነጂ በመንገድ ላይ እግረኛ አይደለም፤ አሽከርካሪ ነው። ቀኙን ይዞ ይነዳል። ትምህርት ቤት "ግራችሁን ይዛችሁ ሂዱ" የተባልነው ለእግረኛ ነው። አንዳንዱ ግን "መኪናውን ፊት ለፊት ካየሁት ይሻለኛል" ብሎ በግራ ይነዳል። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። እናንተ በ20፣ መኪናው በ50 ፊት ለፊት ከመጣችሁ የምትቀራረቡት በ70 ነው። በአንድ አቅጣጫ ከሄዳችሁ ግን በ30 ነው። ለሁለታችሁም ማሰቢያ ጊዜ ይተርፋል።

ሳይክል ፍሬቻ የለውም፤ ስትታጠፉ ኋላችሁን አይታችሁ እጃችሁን ዘርጉ። ሲመሽ ከፊት መብራት፣ ከኋላ ቀይ አንጸባራቂ ይኑራችሁ። ጆሮ ማዳመጫውን ኪስ ክተቱት። ጓደኛ ከኋላ አትጫኑ። ዳገት ላይ የአይሱዙ ጭራ ይዞ መጎተት ደግሞ ጀብዱ አይደለም፤ ሾፌሩ አያያችሁም፣ መኪናው ወደ ኋላ ቢንሸራተት መሸሻ የላችሁም።

ወላጆች ይህችን ልብ በሉ

ልጅ ከሳይክል ወድቆ የመሪው ጫፍ ሆዱን ከወጋው፣ ቆዳው ላይ ትንሽ ክብ ምልክት ብቻ ሊታይ ይችላል። ተነሥቶ ይጫወታል። ውስጥ ግን ጣፊያ፣ ጉበት ወይም ቆሽት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የሆድ ሕመም፣ የግራ ትከሻ ሕመም፣ ማስመለስ፣ መገርጣት ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ጭንቅላቱን ከተመታ ደግሞ ደጋግሞ ማስመለስ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት፣ ለመንቃት መቸገር፣ መንቀጥቀጥ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ደም ወይም ውሃ መሰል ፈሳሽ መውጣት የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ቡና አፍልታችሁ "ደንግጦ ነው" አትበሉ። ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ተነሥቶ ትልቅ ሆስፒታል ለመድረስ የሚፈጀውን ሰዓት ከእኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ። የባከነችው እያንዳንዷ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ ላይ ልትቀነስ ትችላለች።

ወድቆ የማይነቃነቅ ሰው ስታገኙ አንጠልጥላችሁ ባጃጅ ውስጥ አትጠፉት። ትራፊኩን አስቁሙ፣ አንገቱን አታንቀሳቅሱ፣ የሚደማውን በንጹህ ጨርቅ ጫን ብላችሁ ያዙ፣ ውሃም ሌላም በአፉ አትስጡት። አምቡላንስ ጥሩ፤ በቀይ መስቀል 907 ወይም በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ በኩል።

የመጨረሻ ቃሌ

ልጁን ብቻ መምከር ፍትሕ አይደለም። በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ለሆኑት ቀዳሚው ገዳይ ይኸው ነው። ይህን "ዕጣው ነው" ብለን ማለፍ የለብንም። የመንገዱን ዳር ባጃጅና የገበያ ዕቃ ከያዘው፣ ሳይክል ነጂው ወደ ከባድ መኪናው ከመግባት ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ የከተማ አስተዳደሮች የገበያ ቀን እንኳ ያንን ዳር ያስለቅቁ። ሳይክል በሰዓት የምታከራዩ ወንድሞች፣ ፍሬን የሌለውን ለልጅ አትስጡ። ሾፌሮች፣ ሳይክል ስታልፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ራቁለት፤ በክላክስ አታስደንግጡት። ያ ልጅ የእናንተም ልጅ ሊሆን ይችላልና።

አገር ቤት ሳይክል የሚነዳ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ያላችሁ ይህን ሼር አድርጉላቸው። የሳይክሉ ፍሬን ዛሬውኑ ይፈተሽ።

መልካም ጤና!