ሐሳብ ነው ስለሚባለው ሕመም

ሰውን ከሚጎዱት ቃላት ሁሉ የሚከፋው በስድብ መልክ የሚነገረው አይደለም፤ ምክር መስሎ የሚነገረው ነው። ከነዚህም አንዱ፣ ሕመሙ አልለቅ ያለውን ሰው «ምንም የለብህም፤ ሐሳብ ነው» ማለት ነው። እኔ ይህን ቃል በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ በቅርብ ዐውቄዋለሁ። አንድ ጊዜ ተነግሮኛል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ራሴ ለሌላ ሰው ተናግሬዋለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከሳሽም ተከሳሽም ሆኜ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ አስተምሬአለሁ። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ማዳበሪያ ጤፍ ከደጅ ወደ ጓዳ ላስገባ ጎንበስ ስል ወገቤ ቋ አለ። ወጌሻ አሸኝ፤ ራጅ ተነሣሁ፤ መርፌ ተወጋሁ፤ ክኒን ዋጥሁ። እንዲህ ያለው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ይሽራል ይባላል፤ የኔ ግን ዓመቱን አልፎ ሁለተኛውን ያዘ። ክኒኑም ጨጓራዬን ላጠው። ለቅሶ መድረስ ተውሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀረሁ፤ ከልጅ ልጆቼ ጋራ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ቀረብኝ። በመጨረሻም በአንድ ሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም ፎቶግራፉን ወደ ብርሃን አነሣና፣ «አባባ፣ ይኼ የዕድሜ ነገር ነው እንጂ ምንም የለብዎትም፤ ሐሳብ ነው» ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። ነገሩ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ከክፍሉ ስወጣ የተሰማኝ የወገብ ሕመም አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። የሰው ዕቃ ይዞ እንደ ተገኘ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ወጣሁ።

ይህን ብሶቴን ለአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ነገርኋት፤ እርስዋ ዛሬ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ከእኔ ጋራ ሆና ሐኪሙን ትረግምልኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ጋሼ፣ ሐኪሙ ከእውነቱ ግማሹን ነግሮዎታል፤ ጥፋቱም ግማሹን ብቻ መናገሩ ነው» አለችኝ። ቀጥላም እንዲህ አለች፦ «በግቢዎ ውሻ አለ እንበል። አንድ ሌሊት ሌባ ገባና ውሻው ጮኾ አባረረው። ከዚያ በኋላ ግን ቅጠል ቢንኮሻኮሽም ይጮኻል፤ ነፋስ ቢነፍስም ይጮኻል። ሌባው ዛሬ የለም፤ ጩኸቱ ግን እውነተኛ ጩኸት ነው፤ እንቅልፍም ይነሣል። የርስዎ ነርቭና አንጎል እንደዚያ ውሻ ሆነዋል። ውሻውን በመደብደብ ጩኸቱ አይቆምም፤ ሌባው መሄዱን በትዕግሥት ማስለመድ ነው እንጂ።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የቡና ላይ ወሬ አይምሰልህ። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1944 ሄንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በኢጣልያ አገር በአንዚዮ ግንባር ቁስለኞችን ያክም ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ይህ ሐኪም ብርቱ ቁስል ያለባቸውን ወታደሮች ማስታገሻ ትፈልጋላችሁን ብሎ ቢጠይቅ፣ ከግማሽ የሚበልጡት አንፈልግም አሉት። ከጦርነቱ በኋላ በሰላም አገር ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሰዎች ቢመለከት ግን አብዛኞቹ ማስታገሻ ይለምኑ ነበር። ለወታደሩ ቁስሉ ከሞት አምልጦ ወደ አገሩ የሚመለስበት ምልክት ነበር፤ ለሲቪሉ ግን የመከራ መጀመሪያ ነበር። እንግዲህ የሕመም ልክ በቁስል ልክ ብቻ አይሰፈርም፤ ቁስሉ ለሰውየው ምን ማለት እንደ ሆነ አብሮ ይሰፈራል።

በ1965 ደግሞ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት፣ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ያለ ነገር እንዳለና ከሥጋ የሚመጣው መልእክት በዚያ በኩል ሲያልፍ አንጎል በሩን ሊያጠበውም ሊያሰፋውም እንደሚችል ጻፉ። ከዝርዝሩ ብዙው በኋላ ታርሟል፤ ዋናው ትምህርት ግን ጸንቶ ቀርቷል። ፍርሃት በሩን ያሰፋል፤ እንቅልፍ ማጣት ያሰፋል፤ ብቸኝነት ያሰፋል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል፣ ሕመም የአካልም የመንፈስም ስሜት መሆኑን፣ ሰውም አመመኝ ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ አስፍሯል።

ፎቶግራፍስ ምን ይላል? በ2015 የወጣ አንድ ጥናት የወገብ ሕመም የሌለባቸውን ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ሥዕል አሰባስቦ መርምሮ ነበር። የሃያ ዓመት ወጣቶች ከሆኑት ከመቶ 37ቱ፣ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌዎች ከሆኑት ደግሞ ከመቶ 96ቱ የአከርካሪ ዲስካቸው ደክሞ ይታያል አለ። እነዚህ ሁሉ ሕመም የለባቸውም! እንግዲህ ሥዕሉ ተበላሽቶ ሰው ደኅና ሊሆን ከቻለ፣ ሥዕሉ ደኅና ሆኖ ሰው ሊታመም እንደሚችል ማመን ለምን ያቅተናል?

አሁን ወደ ክርክሬ እገባለሁ። የምከራከረውም ከሦስት ወገኖች ጋራ ነው።

መጀመሪያዎቹ «ሐሳብ ነው» ብለው የሚያሰናብቱ ናቸው። ሐሳብ ከሆነ ሐሳብን ማከም የማን ሥራ ነው? እግሩ የተሰበረውን ሰው «እግርህ ነው» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም አለን? የበሽታውን ስፍራ መጥራት ሕክምና አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አጠገቡ በተቀመጡ ጊዜ ወዳጆች ነበሩ፤ አፋቸውን ከፍተው ጥፋቱን ይፈልጉበት በጀመሩ ጊዜ ግን የቁስሉ ተጨማሪ ሆኑ። «ሐሳብ ነው» ማለትም ለታመመው ሰው ጥፋቱ ያንተ ነው ከማለት የማይለይ ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሉታል ይህን ነው።

ሁለተኞቹ እኛው ሕመምተኞቹ ነን። መርፌ ካልተወጋን የታከምን አይመስለንም። ሐኪም ስለ እንቅልፋችን፣ ስለ ፍርሃታችን፣ ስለ ቤታችን ቢጠይቀን «እብድ አደረገኝ» ብለን እንቈጣለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለን እየተረትን፣ የበሽታችንን ግማሽ እንደብቃለን። ክኒን የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ክኒን ብቻውን የት እንደሚያደርስ አሜሪካ አይታዋለች። ለቈየ ሕመም ጭምር ኦፒዮይድ የሚባለው ብርቱ ማስታገሻ ያለ ልክ ሲታዘዝ ኖሮ ብዙ ሰው ሱሰኛ ሆነ፤ መዘዙም በሕገ ወጥ መንገድ ከሚሸጠው ጋራ ተደራርቦ በ2021 በአንድ ዓመት ብቻ 80 ሺህ ያህል ሰው በዚህ ዓይነት መድኃኒት ሞቷል።

ሦስተኞቹ ደግሞ «ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሰው ድሮም ቻይ ነው» የሚሉ ናቸው። እነዚህን አከብራቸዋለሁ፤ ነገር ግን ተሳስተዋል። ጥርስን ነክሶ መቻል ሌላ ነው፤ አሁን የምናገረው ሌላ ነው። ጥርሱን የነከሰ ሰው መንጋጋው፣ ትከሻው፣ ወገቡም አብሮ ይነክሳል፤ ሕመሙን ሳያየው ይታገለዋል። ይህ ሕክምና ግን ትግሉን ትቶ ሕመሙን በቀጥታ ማየትን ያስተምራል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ዊልበርት ፎርዳይስ የሚባል ሳይኮሎጂስት በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቈየ ሕመም ያለበት ሰው ደኅና በዋለ ቀን እስኪያመው ይሠራል፤ ሲያመው ደግሞ ይተኛል፤ በዚህም ሥራ ሁሉ የሕመም መነሻ ሆኖ ይታየዋል ብሎ አስረዳ። መድኃኒቱም ዕረፍትን በሕመም ሳይሆን በሰዓት መወሰን ነው። እኔም ከበሬ እስከ መንገዱ ማጠፊያ አምስት ደቂቃ ብቻ መሄድ ጀመርሁ። ደኅና ብሆንም ከዚያ አላልፍም፤ ቢያመኝም አላጓድልም። በየሳምንቱ አንዳንድ ደቂቃ ጨመርሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልሁ ስንት ልጅ አስተምሬ፣ ለራሴ ወገብ ግን ተረቱን ረስቼው ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ልብን ሰብስቦ ማስተዋል ነው። ጆን ካባት ዚን የሚባል ሰው በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሐኪሞች የሚያደርጉላቸውን ላጡ ሕመምተኞች ትምህርት አቋቋመ። ሰውየው ተጋድሞ ልቡን በትንፋሹ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያም ከእግር ጣቱ እስከ ራሱ አካሉን ክፍል በክፍል ሳይፈርድ ይመለከታል። ይህ ነገር ከቡድሃ ሃይማኖት የተቀዳ ነውና አልነካውም የሚል ሰው ይኖራል። ልማዱ ከዚያ መነሣቱ እውነት ነው፤ ካባት ዚን ግን በሆስፒታል ያስተማረው ከአምልኮ ለይቶ ነው። ትንፋሽ ደግሞ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው ነው እንጂ የአንድ ሃይማኖት ርስት አይደለም። እኔ እንደ ትምህርቱ ተጋድሜ ወገቤን ባስተዋልሁ ጊዜ፣ አንድ ሸክም ይመስለኝ የነበረው ሦስት ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው በእርግጥ የወገብ ማቃጠል ነው፤ ሁለተኛው «ሽባ ሆኜ በሰው እጅ ልወድቅ ነው» የሚል ፍርሃት ነው፤ ሦስተኛው በዚያ ሐኪም ላይ የያዝሁት ቂም ነው። የመጀመሪያውን መተው አልቻልሁም፤ ሁለቱን ግን ጥቂት በጥቂት አወረድሁ። ሕመሙ ዛሬም አለ፤ ዳሩ ግን የቤቱ ጌታ መሆኑ ቀርቶ ጎረቤት ሆኗል። ለቅሶ እደርሳለሁ፤ ምንጣፍ ላይም እቀመጣለሁ።

የአንድ ሽማግሌ ምስክርነት አይበቃም የሚል ቢኖር ትክክል ነው። በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የቈየ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 342 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈለ። ከስድስት ወር በኋላ በዕለት ተግባራቸው የሚቈጠር መሻሻል ያሳዩት፣ ማስተዋልን ከተማሩት ከመቶ 60 ያህል፣ አስተሳሰብንና ልማድን የሚያርመውን ሕክምና ካገኙት ከመቶ 58 ያህል፣ በተለመደው ሕክምና ከቈዩት ግን ከመቶ 44 ያህል ነበሩ። ይህን ተአምር ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ ኪስህን ጠብቅ! በ2020 ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው 75 ጥናቶች አንድ ላይ ተመዝነው፣ አስተሳሰብንና ልማድን የሚያርመው ሕክምና ጥቅሙ እውነተኛ ቢሆንም ትንሽ መሆኑ ታይቷል። ትንሽ ጥቅም ግን ጨጓራ የማይልጥ፣ ሱስ የማያስይዝ ከሆነ የሚናቅ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በብርቱ አሳስባለሁ። ማንም ሰው ሳይመረመር «ተንፍስ» ተብሎ አይሰናበት። ወገብን የሚያመው የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ስብራት ወይም ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳት፣ የእግር መዛል፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም አልቈጣጠር ማለት የታየበት ሰው ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ። እንዲሁም ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸከም ለሚውል የቀን ሠራተኛ፣ ሸክሙን ሳያቀሉለት ትንፋሽህን አስተውል ማለት በድኻ ላይ መቀለድ ነው።

ይህንስ ማን ያስተምራል፣ ባለሙያው የት አለ ይባል ይሆናል። በዚምባብዌ በሐራሬ ከተማ ከጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡ አሮጊቶች ሠልጥነው የተጨነቀውን ሰው እንዲረዱ ተደርጎ፣ ፍሬ ማፍራቱ በ2016 በታተመ ጥናት ተመስክሯል። ያ ስለ ሐዘንና ስለ ጭንቀት ነው፤ ቢሆንም ነገሩ ትልቅ ሕንፃ እንደማይጠይቅ ያሳያል። በአገራችንም በሺህ የሚቈጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። ሕመምተኛን ማመን፣ የውሻውን ምሳሌ ማስረዳት፣ እርምጃን በሰዓት መለካት እነርሱ ሊማሩት የማይችሉት ጥበብ አይደለም።

አሁን የራሴን ዕዳ ልክፈል። በማስተማር ሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንድ ልጅ ነበረኝ። የሒሳብ ሰዓት ሲደርስ ሆዱን ይዞ ይታጠፍ ነበር። አንድ ቀን ከክፍሉ ሁሉ ፊት አቆምሁትና፣ «ምንም የለብህም፤ አስመሳይ ነህ» አልሁት። ልጆቹ ሳቁ። እርሱ ግን አላለቀሰም፤ እጁን ከሆዱ ላይ አንሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። በወሩ ትምህርቱን ተወ፤ የት እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። የፈራ ልጅ ሆድ በእውነት እንደሚያምና ያስፈራሁትም እኔና አርጩሜዬ መሆናችንን ያወቅሁት፣ ቃሌ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይቶ ከዚያ ወጣት ሐኪም አፍ ወደ እኔ በተመለሰ ጊዜ ነው። ብድር በምድር ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን መክሰስ ተውሁ፤ ነገሩን መክሰስ ግን አልተውም።

እንግዲህ ሐኪም ሆይ፣ «ሐሳብ ነው» ካልህ ወንበር ሳብና ተቀመጥ፤ ሥራህ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ቤተሰብ ሆይ፣ የታመመውን አታስታምመው ብቻ፤ በልኩ ሥራ ስጠው፤ ቃሉንም እመነው። ሕመምተኛ ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴም ሆይ፣ ስለ ልብሽና ስለ ልብህ ሲጠየቅ አትቈጡ፤ ሕመማችሁን ሐሰት ያደረገ የለም። መምህርም ሆይ፣ ሆዱን የያዘ ልጅ ባየህ ጊዜ፣ ከመናገርህ በፊት ጎንበስ ብለህ የት ላይ ነው የሚያምህ ብለህ ጠይቀው።