የገዛ ደም ለገዛ ቁስል

የጥርስ ሕክምና በዘመናችን ካፈራቸው ጥበቦች መካከል፣ ከሕመምተኛው ክንድ ጥቂት ደም ቀድቶ፣ በማሽን አዙሮ፣ ፈውስን የሚረዳውን ክፍል ለይቶ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚተከልበት ቁስል ላይ መልሶ ማኖር አንዱ ነው። ይህ አሠራር መልካም መሆኑን አምናለሁ፤ ነገር ግን የሚነገርለት ውዳሴ ከተመሰከረለት ሥራ አልፎ መሄዱን፣ ይልቁንም ጥቅሙ ጎልቶ ለሚታይበት ለጥርስ ነቀላ ቁስል መድረስ ሲገባው ባመዛኙ ከውዱ ተከላ ጋር ተጣምሮ መሰበኩን ስመለከት፣ ነገሩን በዝምታ ማለፍ አይገባም እላለሁ።

ዘመናዊው የጥርስ ተከላ ራሱ የተወለደው ጥርስን ሳይሆን ደምን ሲመረምር በነበረ ሊቅ እጅ ነው። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 የደምን ዝውውር በሕያው አጥንት ውስጥ ለማየት ከቲታኒየም የተሠራ መመልከቻ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ አኖረና፣ ምርመራውን ፈጽሞ መሣሪያውን ለማውጣት በሞከረ ጊዜ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ አልለቅም አለው፤ ከዚህም ካልታሰበ ግኝት ተነሥቶ ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያው ሕመምተኛ የቲታኒየም ብሎኖችን በመንጋጋው ውስጥ ተከለለት፤ ብሎኖቹም ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ አገለገሉት።

እንግዲህ አጥንትን ከብረት ጋር የሚያዋሕደው የሕመምተኛው ሥጋ ራሱ ነው፤ ሐኪሙ ጉድጓዱን በልክ ቦርቡሮ ብሎኑን ካጸና በኋላ፣ ባመዛኙ ከ3 እስከ 6 ወር ተፈጥሮ ሥራዋን እስክትፈጽም መታገሥ ግድ ይሆንበታል። የዚህም ሥራ መጀመሪያ ደም ነው። ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ተግባራቸውን የገለጠላቸው ፕሌትሌት የተባሉት ረቂቃን የደም ክፍሎች፣ በጤነኛ ሰው ዘንድ በአንዲት ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 የሚቈጠሩ ሲሆኑ፣ የደም ሥር በተቈረጠ ጊዜ ቀድመው ደርሰው ቀዳዳውን ይደፍናሉ፤ በዚህም ሳያበቁ በውስጣቸው አምቀው የያዙትን የዕድገት ንጥረ ነገር አፍስሰው፣ አዲስ ሥጋና አዲስ የደም ሥር የሚሠሩ ሕዋሳትን ወደ ቁስሉ ይጠራሉ።

ይህን የተፈጥሮ ሀብት አሰባስቦ በአንድ ስፍራ ማዋል ይቻላል የሚለው አሳብ በአጥንትና በጥርስ ቀዶ ጥገና ዘንድ ስሙ የገነነው፣ አሜሪካዊው ሮበርት ማርክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን የእነርሱ መንገድ ደሙ እንዳይረጋ መድኃኒት መጨመርን፣ ኋላም እንዲረጋ ሌላ መድኃኒት መጨመርን ይጠይቅ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ጆሴፍ ሹክሩን እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረበው መንገድ ግን ምንም ባዕድ ነገር የማይገባበት ስለ ሆነ፣ ቀላልነቱ ብዙዎችን ማረከ። ከክንድ የተቀዳው ደም 10 ሚሊ ሊትር ገደማ በሚይዙ ብልቃጦች እንደ ገባ፣ ሳይረጋ ለመቅደም ፈጥኖ ወደ ማሽኑ ይገባል፤ በተለመደውም ሥርዐት በደቂቃ 2700 ዙር ለ12 ደቂቃ ይሽከረከራል። ማሽኑ ሲቆም፣ ጠላ ሲሰክን አተላው ወደ ታች ወርዶ ጥሩው ከላይ እንደሚቀር ሁሉ፣ ቀዩ ደም ከታች ዘቅጦ፣ የጠራው ፈሳሽ ከላይ ተንሳፍፎ፣ በመካከላቸው ፋይብሪን የተባለው ብጫማ እርጎ መሰል ነገር ፕሌትሌቶችንና ነጭ የደም ሕዋሳትን በመረቡ ይዞ ይገኛል። ሐኪሙም በወረንጦ ያነሣዋል፣ ከሥሩ የተንጠለጠለውን ቀይ ጭራ በመቀስ ይቈርጣል፣ በቀስታ ተጭኖ ፈሳሹን ያወጣለትና ስስ ሽፋን ሆኖ ሲቀር በቁስሉ ላይ አኑሮ ድዱን ይሰፋበታል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የሚደነቅ ነው፤ ፍሬውን ስንመዝን ግን ኅሊና ያለው ሰው ሁለቱን ነገር ለይቶ መናገር ይገባዋል። ጥርስ በተነቀለበት ጉድጓድ፣ ይልቁንም በቀዶ ጥገና በሚወጣው የታችኛው መንጋጋ የመጨረሻ ጥርስ ስፍራ ላይ ሲደረግ፣ ድዱ ቶሎ እንደሚገጥም፣ ሕመሙ እንደሚቀልና የረጋው ደም ከጉድጓዱ ወልቆ አጥንቱ ሲራቆት የሚመጣው እንቅልፍ የሚነሣ ሥቃይ እንደሚያንስ በርካታ ጥናቶች አመልክተዋል። በተከላው ረገድ ግን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብሎኑ በመጠኑ ጠንክሮ እንደሚቆም ያሳዩ ጥናቶች ቢኖሩም፣ ከዓመታት በኋላ ይህ እርዳታ የተደረገላቸው ካልተደረገላቸው ይልቅ የበለጠ እንደሚጸኑ የሚያስረዳ ጽኑ ማስረጃ አልተገኘም። ምክንያቱም ለማስተዋል አያስቸግርም፤ በጥንቃቄ የተተከለ ብሎን ያለዚህ እርዳታም ቢሆን ከመቶው ከ90 በላይ በሆነ መጠን ለ10 ዓመት የሚዘልቅ ስለ ሆነ፣ ተጨማሪው እርዳታ የሚያሻሽለው የቀረችውን ጥቂቷን ክፍል ብቻ ነው።

የገዛ ደም ስለ ሆነ ሰውነት አይጠላውም፣ የሌላ ሰው በሽታም አያስተላልፍም፣ ታዲያ ምን ይጐዳል የሚል ቢኖር፣ የተናገረው እውነት ነው፤ ነገር ግን መርፌው ንጹሕ፣ ብልቃጡ የታሸገና የባለቤቱ ስም የተጻፈበት፣ የሚቀዳውም ሰው እጁ የሠለጠነ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህ የሚከፋው ጉዳት ግን በተስፋ በኩል የሚመጣው ነው። ሲጋራ የሚያጨሰው ወይም የስኳር ሕመሙን ያልተቈጣጠረው ሰው፣ ድዱም ተመርዞ የቈየው፣ ደሙ ሁሉን ያስተካክልልኛል ብሎ ቢታለል፣ ተከላውን በእውነት የሚያድነውን ነገር፣ ማለት ማጨስን መተውን፣ ስኳርን መቈጣጠርንና ድድን አስቀድሞ ማሳከምን ችላ ይላል። ያ ደም የወጣው ከዚያው ከታመመው ሰውነት ነውና፣ ባለቤቱ ያላስተካከለውን ሊያስተካክልለት አይቻለውም።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። በአገራችን አብዛኛው ሰው የጥርስ ሐኪምን ደጃፍ የሚረግጠው ሕመሙ ጸንቶበት ጥርሱን ለማስነቀል ነው፤ ብሎን የሚያስተክለው ባለጸጋ ጥቂት ነው። ደምን የሚያዞረው ማሽን ለሕክምና ቤቶቻችን ላቦራቶሪዎች እንግዳ አይደለም፤ ፍጥነቱና የብልቃጡ ዐይነት ለዚህ ሥራ የሚስማማ መሆኑ ይመርመር እንጂ፣ ጥሬ ዕቃው ከሕመምተኛው ክንድ በነጻ የሚገኝ ነው። እርግጥ ተራ የነቀላ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል፤ ነገር ግን አስቸጋሪ ነቀላ ለሚደረግላቸው፣ ቁስላቸውም በቀላሉ ለማይሽር ሰዎች፣ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶቻችንና የመንግሥት ሆስፒታሎቻችን ይህን ጥበብ አስተምረው፣ ውጤቱንም መዝግበው ቢያቀርቡት፣ ለድኻው የሚደርስ ሥራ ይሆናል። በተከላ ጊዜ የሚጠቀሙበት ሐኪሞችም ዋጋውን ለብቻው ለይተው ይንገሩ፤ ድዱ ቶሎ እንዲሽር እንደሚረዳ ይመስክሩ፤ የብሎኑን ዕድሜ ያረዝማል ብለው ግን ቃል አይግቡ። ሕመምተኛውም ደም ከመስጠቱ በፊት፣ ይህ ለእኔ ለይቶ ምን ይጠቅመኛል፣ ባይደረግልኝስ ምን ይቀርብኛል ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው፤ ይህን ጥያቄ በትዕግሥት የሚመልስ ሐኪም እምነት ይጣልበታል፤ ጥያቄው የሚያስቈጣው ሐኪም ግን ደሙን ሊቀዳ አይገባውም።