«አፍዝዘውኝ ነው!» እስኪ ቀስ በል ወንድሜ



ወልቂጤ መናኸሪያም ይሁን ቡታጅራ ገበያ፣ ስልኩን ወይም ብሩን የተበላ ሰው መጀመሪያ የሚናገረው አንድ ነው፦ «አፍዝ አደንግዝ አደረጉብኝ!» አሁን ደግሞ ቃሉ ዘመነና «ሂፕኖታይዝ አደረጉኝ» ሆኗል። ሰውዬው እጁን ጨበጠው፣ ዓይኑን አየው፣ አድራሻ የተጻፈባት ወረቀት አሳየው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው የለም። ወሬው ከመግሪብ እስከ ኢሻ ከተማውን ያዳርሳል።

ሂፕኖሲስ የሚባል ነገር አለ። አንተ የምትለው ግን እሱ አይደለም።

ታሪኩን አጠር ላድርገው። ፍራንዝ መስመር የሚባል ሐኪም ፓሪስ ገብቶ «በሰው ውስጥ በሚፈስ የማግኔት ኃይል እፈውሳለሁ» እያለ ከተማውን አመሰው። በ1784 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቯዚዬ ያሉበትን አጣሪ ቡድን አቆመ። ቡድኑ በፍራንክሊን ግቢ ውስጥ አንዲት ዛፍ ብቻ «ኃይል» እንዲሞላባት አደረገና፣ ዓይኑ የተሸፈነ የ12 ዓመት ልጅ ሌሎቹን ዛፎች እያቀፈ እንዲያልፍ አደረገ። ልጁ ራሱን ስቶ የወደቀው ምንም ካልተደረገባት ዛፍ ሥር ነው! የጣለው የራሱ ግምት ነበር። ስሙን የሰጠው ደግሞ ጄምስ ብሬይድ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነው፤ በ1843 በጻፈው መጽሐፍ ከግሪክኛ «እንቅልፍ» ከሚለው ቃል ወሰደው። ነገሩ እንቅልፍ አለመሆኑን ሲረዳ ቃሉን ሊቀይረው ፈልጎ ነበር፤ ቃሉ ግን ካፉ አምልጦ ዓለም ወስዶታል።

እንግዲህ እውነተኛው ይህን ይመስላል፦ ሰውየው ፈቅዶ ይቀመጣል፣ ጸጥ ባለ ክፍል ልቡን አንድ ነገር ላይ ይሰበስባል፣ ሐኪሙ በቀስታ ያነጋግረዋል። ይሰማል፣ ነቅቷል፣ ካልፈለገ ተነስቶ ይሄዳል። ሁሉም ሰው እኩል አይቀበለውም፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ አይሠራም። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1955፣ የአሜሪካው በ1958 ለሕመም ማስታገሻና ለመሳሰለው ተቀብለውታል። አሁን ንገረኝ፦ ረዳቱ «አዲሳባ! አዲሳባ!» እያለ በሚጮህበት መናኸሪያ፣ የማታውቀው ሌባ በአምስት ሰከንድ ይህን ሊያደርግብህ ነው?

«ታዲያ እንዴት ተበላሁ?» ሿሿ ተሠርተህ ነዋ! አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ «በሩ አልተዘጋም፣ ጠጋ በል» ይሉሃል፣ ከግራ ከቀኝ ይጫኑሃል፣ ኪስህ ይፈተሻል፣ ከዚያ «ትራፊክ አለ፣ ውረድ» ተብለህ ሜዳ ላይ ትቀራለህ። ተሳፋሪ የመሰሉህ ሁሉ የአንድ ቡድን ናቸው። ልምምድ እንጂ ሲሕር አይደለም። «መንገድ ላይ ወርቅ አገኘን፣ እንካፈል» የሚሉህም ያፈዘዙህ በዓይናቸው ሳይሆን በራስህ ስስት ነው። ይባስ ብሎ በስልክ «ሽልማት ደርሶሃል» ተብሎ የቴሌብር የሚስጥር ቁጥሩን የሰጠ ወንድም «ድምፁ አፈዘዘኝ» ሲል ሰምቻለሁ። ሱብሓነላህ! ማፈር ያለ ነው፣ መታለልም በማንም ይደርሳል። ግን ለፖሊስ የምትሰጠውን ቃል በአፍዝ አደንግዝ ስትጀምር ሌባው ነፃ ይወጣል፤ ማን አጠገብህ እንደተቀመጠ፣ ታርጋው ምን እንደሆነ የሚጠይቅህም አይኖርም።

አንድ ነገር ልለይልህ። መንገድ ላይ ጁስ ወይም ብስኩት ተጋብዞ ራሱን የሳተ ሰው ካጋጠመህ እሱ መድኃኒት ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል። በፍጥነት ሆስፒታል ውሰደው።

«ኡስታዝ፣ ሲሕርን ካድክ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አዑዙ ቢላህ! ሲሕር በሱረቱል በቀራህ የተነገረ ነው። ነገር ግን ሲሕር አለ ማለት የመናኸሪያ ሌባ ሁሉ ሳሒር ነው ማለት አይደለም። ያው ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አጣሩ ብሎ አዞናል፤ እኛ ግን ሳናጣራ ሼር እናደርጋለን። አድራሻ የጠየቀ እንግዳ «አፍዛዥ ነው» ተብሎ ቢደበደብ በአላህ ፊት ማን ሊጠየቅ ነው? በቴሌግራም «የሂፕኖቲዝም ሥልጠና፣ የፈለግካትን ልጅ ማረኪያ» እያለ ገንዘብ የሚሰበስበው ደግሞ ሌላው ሿሿ ነው። አትክፈለው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ታማሚው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ በላይ ሰው አነጋግረው ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው አብዛኞቹ ሕክምና የሚባል አግኝተው አያውቁም። ሩቅያውን ቅራ፣ ማን ከለከለህ? መታከምም ነቢያችን ﷺ ያዘዙት ነው።

ልጁ ድምፅ ይሰማኛል ስትል «ማን አፈዘዛት?» እያለ ሁለት ወር ሙሉ የዞረ አባት አውቃለሁ። ሐኪም ዘንድ የደረሰችው በአንዲት ነርስ ጉትጎታ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ መድኃኒቷን እየወሰደች ሱቋን ትጠብቃለች። አባቷ «አንቺ ነሽ» ካላት ጎረቤት ጋር ግን እስካሁን ሰላምታ የላቸውም።