በላዔ ሰብእን የማረ ቤት በማን ላይ ይዘጋል?

ያገራችን ሰው አንድን ነገር በስሙ ለመጥራት ሲከብደው «ስሙን ቄስ ይጥራው» ይላል። እኔ ቄስ አይደለሁም። ዲፕሎማዬን ይዤ፣ ጽሑፌን ለተቀበለኝ ጋዜጣ እየሸጥኩ የምኖር ሰው ነኝ። ዳሩ ግን የዚህን ነገር ስም ቄሱ ሲጠራው የሰማሁት ለእርግማን ብቻ ስለሆነ ዛሬ እኔው ልጥራው። ነገሩ ግብረ ሰዶም የሚባለው ነው። ይበልጥ ጠበብ ላድርገውና፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገ፣ ዳዊት የደገመ፣ ማተብ ያሰረ፣ ልቡ ግን ወደ ሴት ሳይሆን ወደ ወንድ የሚሄድበት ልጅ ጉዳይ ነው። እንዲሁም ልቧ ወደ ሴት የሚሄድባት ልጅ። ይህ ልጅ ክርስቲያን ነው ወይስ አይደለም? ከቤታችን ይቀመጥ ወይስ ይባረር? ጥያቄው ይኸው ነው።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛ ዘንድ የለም» የሚል ተቃውሞ ከወዲሁ ይሰማኛል። ለመሆኑ የሌለ ነገር ስም ይወጣለታል እንዴ? «ወንዳገረድ» የሚለው ቃል በአውሮፕላን ተጭኖ አልመጣም። ሳይመን ሜሲንግ የተባለው አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ደገኛው አማራ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ እንደ ሴት የሚኖሩ ወንዶች በገበሬው መካከል እንደነበሩ መዝግቧል። ገበሬው «የእግዜር ስሕተት» አድርጎ ያያቸዋል፤ አልፎ ይሄዳል እንጂ አይገድላቸውም። አክብሯቸው ነበር አልልም። ግን ዱላ ይዞ አላሳደዳቸውም። ታዲያ ከውጭ የመጣው የትኛው ነው? ሰውዬው ወይስ ማሳደዱ?

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። መሐል ሜዳንና ሞላሌን፣ ግሼ ራቤልን፣ ከጃማ ማዶ ያለውን መርሐቤቴን የሚያውቅ ሰው ያገሩን ጠባይ ያውቃል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ገብሱ እንደ ዓመቱ ነው፤ ሰዉ ግን ሃይማኖቱን ከነፍሱ አስበልጦ ይይዛል። ሌላም ጠባይ አለን። ያመመንን በቀጥታ አንናገርም። ዶናልድ ሌቪን መንዝ ገብቶ ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይደለም። ከላይ ሌላ፣ ከውስጥ ሌላ። ለቅኔ ይሄ ጌጥ ነው። ለአንድ የ17 ዓመት ልጅ ግን ዕድሜ ልኩን ሰም ሆኖ ኑር ማለት ቅጣት ነው።

አንድ የማውቀው ያገሬ ልጅ አለ። ስሙንም ቀበሌውንም አልናገርም። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ድቁና ተቀብሎ ሲቀድስ ያደገ ነው። ስሜቱን ባወቀ ጊዜ መጀመሪያ የነገረው ለንስሐ አባቱ ነበር። ሽማግሌው ቄስ ደነገጡ፤ ግን አልጮሁም። ጾምና ስግደት ሰጡት፤ ምስጢሩንም ጠበቁለት። ልጁ ሰገደ። ጉልበቱ እስኪላጥ ሰገደ። ስሜቱ አልሄደም። በኋላ አዲስ አበባ ገባ፤ አንድ ዘመድ ነገሩን ሲሰማ ጎትቶ ጠበል ወሰደው። ቦታውን አልጠራም። አጥማቂ ነኝ ያለው ሰው «ልቀቅ!» እያለ በመቋሚያ ደበደበው፤ ለቀናት ታስሮ ሰነበተ። ቁስሉ ሲድን አባትዬው «ስሜን እንዳታስጠራ፣ አገር እንዳትመለስ» ብለው ላኩበት። እናቱ ምንም አላሉም። በመኪና አንድ ባና ብቻ ላኩለት። ያቺ ባና የእናት ቃል እንደሆነች የመንዝ ሰው ይገባዋል።

ይህ ልጅ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እኔ እንደሆንኩ ጸልዬ ጨረስኩ። ከዚህ ወዲያ ምን ልጨምር?» መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ወደተማርነው ትምህርት ተመለስኩ።

በየዓመቱ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ሲነበብ ምን እየሰማን ነው ያደግነው? በላዔ ሰብእ 78 ሰው በላ። ወላጆቹን እንኳ አልማረም። ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ያጠጣት ጥርኝ ውኃ መዘነችለትና ዳነ። እልል እንላለን። ራቅ ሳንል ደግሞ የዚሁ የሸዋችን የቡልጋዋ እናታችን ክርስቶስ ሠምራ አለች። ገድሏ እንደሚለው ዲያብሎስን ከፈጣሪው ላስታርቅ ብላ የለመነች ናት። እስኪ አስቡት! ለሰይጣን ዕርቅ የለመነችን ሴት ጻድቅ ብላ ታቦት የቀረጸች ቤተ ክርስቲያን ናት ያሳደገችን። ታዲያ ሰው ለበላው ሰውዬ የተረፈ ምሕረት፣ ማንንም ላልበላ ዲያቆን ያልቃል?

ሌላም አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ስላለው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የማይኮራ ኢትዮጵያዊ የለም። ክርስትናችንን ከእሱ እንቆጥራለን። ሰውየው ግን በዘዳግም 23 ሕግ መሠረት ወደ ጉባኤ መግባት የተከለከለ ዓይነት ሰው ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 56 ለጃንደረቦች ከልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጣቸው ተስፋ ተናገረላቸው፤ ፊልጶስም ወርዶ አጠመቀው። ጃንደረባው ግብረ ሰዶማዊ ነበር እያልኩ አይደለም፤ አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ። የምለው፣ የመጀመሪያው ክርስቲያናችን በአካሉ ምክንያት ከደጅ የቀረ ሰው ነበር። በሩ ተከፈተለት። በሩ ባይከፈትለት ኖሮ እኛ ምን ልንቆጥር ነበር?

አሁን ደግሞ ያለ ማጭበርበር እንነጋገር። ዘሌዋውያን 18 እና ሮሜ ምዕራፍ 1 ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በድርጊቱ ላይ ግልጽ ነው፤ ልሸፋፍነው አልፈልግም። ነገር ግን ሕዝቅኤል 16 ላይ የሰዶም በደል ተብሎ የተቆጠረውን ሄዳችሁ አንብቡት። ትዕቢት፣ ጥጋብና ድኻን አለመርዳት አስቀድመው ተጽፈዋል። በዚያ ሚዛን ስንቱ ጠጋቢ ነው «ሰዶማዊ» ተብሎ መጠራት የሚገባው? ደግሞም አባቶቻችን ኃጢአትን ሲከፍሉ ሐልዮ፣ ነቢብ፣ ገቢር ብለው ነው፤ በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ። በሐሳብም ቢሆን ፈተናው ደጅ መምጣቱ ሌላ፣ ፈቅዶ ማሳደሩ ሌላ ነው። ይህ ልጅ ስሜቱን ከገበያ አልገዛውም። ሳይጠራው መጣበት። ሳይጠሩት በመጣ ነገር ሰውን ከመቅደስ የሚያባርር ቀኖና የትኛው ነው? ድድስቅልያ ጳጳሱን ሐኪም ይለዋል። ሐኪም በሽተኛውን በመቋሚያ ሲደበድብ ያየ አለ?

ሐኪም ካነሳን አይቀር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ስሜት ከበሽታ መዝገብ የፋቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ስለዚህ «ይታከም» የሚለውም ዘመኑ አልፎበታል። «አግብቶ ይተወዋል» የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ። ለመሆኑ የምትዳርለት ልጅ የማን ልጅ ናት? የእሷ ዕድሜ የመሞከሪያ ዕቃ ነው? ባሏ ለምን ፊቱን እንደሚያዞርባት ሳታውቅ ራሷን እየወቀሰች የምታረጅ ሴት ኃጢአት በማን ላይ ይጻፋል? «ይመንኩስ» የሚሉም አሉ። ምንኩስና ጥሪ ላለው ክብር ነው። መሸሸጊያ ሲደረግ ግን ገዳሙንም ሰውየውንም ያረክሳል።

ወደ መንግሥት ልለፍ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፣ አሁን የሚሠራው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ይቀጣሉ። ልብ በሉ፤ የሚቀጣው ድርጊት ነው። ስሜት፣ አካሄድ፣ ድምፅ፣ አለባበስ በአንቀጹ ውስጥ የሉም። ሕፃናትን የሚያጠቃውን የሚመለከተው ሌላ አንቀጽ ነው፤ 631። ቅጣቱም እስከ 25 ዓመት ይደርሳል፤ እኔም እሰየው እላለሁ። ሁለቱን አንቀጾች ሆን ብሎ እያደባለቀ የሚሰብክ ሰው ግን ሕፃናትንም አልጠበቀ፣ እውነትንም አልተናገረ።

ገዢዎቻችን በዚህ ጉዳይ የሠሩትን እንቁጠር። በ2001 የሃይማኖት መሪዎች ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት ይጻፍ አሉ። በ2004 ዓለም አቀፉ የኤድስ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲደረግ ያው መሪዎች ጋዜጠኛ ጠርተው መግለጫ ሊሰጡ ሲሉ፣ የጤና ሚኒስትሩ ዶ/ር ቴድሮስ አድሓኖም ገብተው አነጋገሯቸውና መግለጫው ቀረ። በ2006 ወንጀሉ ይቅርታ ከማያሰጡት ተርታ ይግባ የሚል ረቂቅ ተዘጋጅቶ ተመልሶ ተጣለ፤ ሊደረግ የታሰበው ሰልፍም ተሰረዘ። በነሐሴ 2015 ደግሞ የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ ሆቴልና መጠጥ ቤት እየፈተሸ ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጠራ፤ መግለጫውም ፈጣሪን ጭምር ጠቅሶ ነበር። በዚያው ሰሞን በቲክቶክ የሰው ፎቶና ስም እየተለጠፈ «እዩት» ሲባል ሰነበተ። ለዋጋ ንረቱ፣ በገዛ ዞናችን በሰሜን ሸዋ ለሚፈሰው ደም መልስ ያጣ መንግሥት፣ ለአልጋ ቤት ፍተሻ ጉልበት አላነሰውም! ኢሕአዴግም ሆነ ብልጽግና አንድ ናቸው። ዶላር ሰጪው ሲያያቸው ዝም፤ ፊቱን ሲያዞር ዱላ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወትን ያስከብራል። ፖሊስ ንስሐ አባት ሆኖ የተሾመው በየትኛው አንቀጽ ነው? ሮማዊው ፖፕ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ግብረ ሰዶማዊ መሆን ወንጀል አይደለም፤ ኃጢአትና ወንጀል ይለያዩ ብለው ነበር። የእምነታቸውን ትምህርት ሳይለውጡ ነው ይህን ያሉት። በአገራችንም መካነ ኢየሱስ በ2005 ከስዊድንና ከአሜሪካ ሉተራን እኅት አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዚሁ ጉዳይ ግንኙነቷን አቋርጣለች። መብቷ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከቤተ ክርስቲያን ልትለያይ ትችላለች። እናት ከልጇ ስትለያይ ግን ምን ይባላል?

«አንተስ ራስህ ከነሱ ነህ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አንቀጽ 629 ባለበት አገር ይህን ጥያቄ በጋዜጣ የሚመልስ ሞኝ ነው። ብሆንም ባልሆንም የጻፍኩት አንድ ፊደል አይለወጥም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሲኖዶስ ትምህርቱን ነገ ይሻር አላልኩም። ንስሐ አባቶች እንደዚያ የመንዝ ሽማግሌ ምስጢር ይጠብቁ። መቋሚያ ለማኅሌት ነው፤ ለሰው ጀርባ አይደለም። አባቶች ሆይ፣ ስማችሁን የሚያስጠራው ልጃችሁ ሳይሆን ልጅ አሳዳጅ መባላችሁ ነው። መንግሥትም ከሰው መኝታ ቤት ይውጣና ገበያውንና መንገዱን ይጠብቅ።

ለዚያ ልጅ ደግሞ፦ ወንድሜ፣ ማተብህን አትበጥስ። ከቤተ ክርስቲያን ያስወጡህ ሰዎች ናቸው፤ አንተ ግን የተጠመቅኸው በሰዎች ስም አይደለም። የምትገባበት ደጅ ቢጠፋ ከደጀ ሰላሙ ውጪ ቆመህ አስቀድስ። እግዜር ከቅጥሩ ውጪም ይሰማል። ሕይወትህን በራስህ እጅ አትንካ፤ እናትህ ባናዋን የላከችው እንድትለብሰው እንጂ እንድትገነዝበት አይደለም።

አዲስ አበባ ውስጥ እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ አሉ። ሰሙ ዜጋ ነው፤ ወርቁም ዜጋ ነው። ይሄን ቅኔ መፍታት ያቃተው የኢትዮጵያ ሕዝብ ሳይሆን ዱላ የያዘው ወገን ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል!