ከክፍል የወጣው ልጅ ቤቱ ምን ይጠብቀዋል?



በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የሆነ ነው። የካውንቲው የትምህርት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2022–23 የትምህርት ዘመን የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ያሉባቸውን የተረት መጻሕፍት ለሕፃናትና ለአንደኛ ደረጃ የቋንቋ ትምህርት መረጠ። በመጀመሪያ ወላጅ አስቀድሞ ይነገረውና ልጁን ከዚያ ክፍለ ጊዜ ማስወጣት ይችል ነበር። በማርች 2023 ግን ፈቃዱ ተሰረዘ። ቦርዱ የሚወጡት ልጆች በዝተው ሥራውን እንዳስቸገሩ፣ ታሪኩ የሚመለከታቸው ልጆችም የመገለል ስሜት እንደሚያድርባቸው ገለጸ።

ወላጆች ዝም አላሉም። በዚያው ዓመት ሙስሊሙና ኢትዮጵያዊው ኦርቶዶክስ ጎን ለጎን ቆመው ድምፃቸውን አሰሙ። ሙስሊም፣ ካቶሊክና የዩክሬን ኦርቶዶክስ ወላጆችም በጋራ ክስ መሠረቱ። የበታች ፍርድ ቤቶች ጥያቄያቸውን ባይቀበሉትም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 27 ቀን 2025 በ6 ለ3 ድምፅ ደገፋቸው። በ1972 ለአሚሽ ወላጆች የተሰጠውን ውሳኔ ጠቅሶ፣ ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ ወላጆች አስቀድመው እንዲነገራቸውና ልጆቻቸውን ማስወጣት እንዲችሉ ፈቀደ። መጻሕፍቱን ግን አላገደም። የተለዩት 3 ዳኞች በበኩላቸው፣ ልጆች ልዩ ልዩ ሰዎች ባሉበት ኅብረተሰብ መኖርን የሚለማመዱት በሕዝብ ትምህርት ቤት ነው ብለዋል።

እንግዲህ ፍርድ ቤት ለወላጅ የሰጠው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። የቀረው የቤት ሥራ ነው። ከክፍል የወጣው ልጅ ማታ «ለምን ወጣሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አባት «ዝም በል» ካለው መልሱን ከጓደኞቹ ወይም ከስልክ ይፈልጋል። ስለዚህ መጽሐፉን እኛው ቀድመን እናንብበው። ዲናችን ስለ ኒካሕና ስለ ቤተሰብ የሚያስተምረውን በዕድሜው ልክ፣ ሳንቆጣ እንንገረው።

ሌላም አማና አለብን። በዚያው ክፍል ሁለት እናቶች የሚያሳድጉት ልጅ ሊኖር ይችላል። እስልምና ድርጊቱን እንደማይፈቅድ የታወቀ ነው። ሆኖም በሰው መሳለቅንና በመጥፎ ስም መጥራትንም ሱረቱል ሑጁራት ከልክሎናል። የእኛ ልጅ በእምነቱ ምክንያት ሲሰደብ እንደሚያመን ሁሉ፣ የዚያም ልጅ እንባ ሊከብደን ይገባል። ልጃችንን ከትምህርቱ ስናስወጣ አደቡን ይዞ እንዲወጣ፣ ሲመለስም ከዚያ ልጅ ጋር በሰላም እንዲቀመጥ እናስተምረው። ትምህርት ቤቱን መብታችንን እንዲያከብር የምንጠይቀው እኛም የሌላውን ልጅ ክብር ስንጠብቅ ነው።

አላህ ልጆቻችንን በዲንም በአኽላቅም ያሳድግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።